ሌየር የተቆረጠ ፀጉርን መልሶ እኩል ማሳደግ
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በፀጉር ሥራ ከተሠማሩ አባላት የቀረበ ንግግር



የዛሬውን ርዕስ የመረጥነው እኛ አይደለንም፤ ከእናንተ የመጣ ነው። እዚህ ታቦር ቤት ለቤት እየዞርን ሹሩባ የምንሠራውም ሆንን በፀጉር ቤት ተቀጥረን የምንሠራው፣ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሌየር ተቆርጬ ነበር፤ አልወደድኩትም። ፀጉሬን እንዴት አድርጌ ነው እኩል የማሳድገው?»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ያልተወደደውን አቆራረጥ ለመደበቅ በየሳምንቱ የሚወጣ ገንዘብ አለ። በእሳት የሚጎዳ ፀጉር አለ። ሳይጠየቁ የመቆረጥ ቅሬታም አለ። «ጫፉን ብቻ» ብላ ተቀምጣ፣ ስትነሣ ረጅሙ ፀጉሯ ከአገጯ ጀምሮ በደረጃ ተቆርጦ ያገኘችው እኅት አንዲት ብቻ አይደለችም።

ለማታውቁት እናቶች ለመግለጽ ያህል፣ ሌየር የላይኛው ፀጉር አጥሮ፣ የታችኛው ረዝሞ፣ እንደ ደረጃ እየተከታተለ የሚቆረጥበት ዓይነት ነው። በሳሳ ፀጉር ላይ ሙላት ያሳያል። በረጅምና ጥቅጥቅ ባለ ፀጉር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ይሆናል። አጭሩ ክፍል ክብደቱን ስለሚያጣ ወደ ላይና ወደ ጎን ያብጣል፤ ከታች የቀረው ደግሞ ይሳሳል። ሹሩባ ሲሠራ ጉንጉኑ ከላይ ይወፍርና ጫፉ የአይጥ ጭራ ይመስላል፤ አጫጭሮቹም በየመሀሉ ይወጣሉ። በላስቲክ ሲያዝ የጎኑ ያመልጣል። ይህ የመልክ ነገር ብቻ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ የከተማችን ወጣት ሴቶች በስፌት መኪና ፊት ይውላሉ፤ በመኪና ፊት የሚሠራ ሰው ደግሞ ፀጉሩ በደንብ መሰብሰብ አለበት። ምጣድ ላይ ጎንበስ ብላ እንጀራ የምትጋግረውም ያመለጠ ፀጉር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብዙዎቻችን «ዝም ብዬ ብተወው አጭሩ ራሱ ይደርስበታል» እንላለን። አይደርስም። ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ በአንድ ራስ ላይ ያለው አጭሩም ረጅሙም የሚያድገው በተቀራረበ ፍጥነት ነው። ሁለት መንገደኞችን አስቡ። አንዷ ቀድማ ወጥታለች፤ ሁለቱም እኩል ይራመዳሉ። የፊተኛዋ ቆማ ካልጠበቀቻት በቀር የኋለኛዋ አትደርስባትም። ፀጉርም እንዲሁ ነው። ረጅሙ ሊያድግ የሚችለው የመጨረሻ ርዝመት ላይ የደረሰ ካልሆነ በስተቀር፣ ልዩነቱ የሚጠበው ረጅሙን ከታች በመጠኑ እየቆረጥን ስናቆመው ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የራስ ፀጉር በአማካይ በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በዓመት 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ጠበቅ ብሎ የተጠቀለለ ፀጉር ከዚህ ትንሽ ያንሳል። እንግዲህ በአጭሩና በረጅሙ መካከል የ20 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ እንበል። ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ረጅሙን በአንድ ቀን ወደ አጭሩ ማውረድ ነው። 20 ሴንቲ ሜትሩ ይሄዳል፤ ጣጣውም በዚያው ቀን ያልቃል። ፀጉሯ በመድኃኒት ወይም በእሳት ለተጎዳባት፣ ማጠርም ለማይከፋት ሴት ይህ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው በየ3 ወሩ 3 ሴንቲ ሜትር ከታች ብቻ መቁረጥ ነው። ርዝመቱ ባለበት ይቆያል፤ አጭሩ ግን በዓመት 12 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። 20 ሴንቲ ሜትሩ በ1 ዓመት ከ8 ወር ገደማ ይዘጋል።

ሦስተኛው በየ3 ወሩ 1 ሴንቲ ሜትር ተኩል መቁረጥ ነው። ርዝመቱ በዓመት 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ልዩነቱ ግን የሚጠበውም በዓመት 6 ብቻ ስለሆነ 3 ዓመት ከ4 ወር ይወስዳል። ርዝመቷን ለምትሳሳለትና ለመታገሥ ለቆረጠች ሴት ነው።

እኛ ለአብዛኞቻችሁ የምንመክረው ሁለተኛውን ነው። ደግሞም ልዩነቱ ፈጽሞ እስኪጠፋ መጠበቅ አያስፈልግም። ጥቅጥቅ ባለ ፀጉር ላይ ልዩነቱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ሹሩባው ይስተካከላል፣ ማበጡም ይቀንሳል፤ ከሠራችው ሴት በቀር የሚያውቅ የለም። ከ20 ወደ 5 ለመውረድ በሁለተኛው መንገድ 1 ዓመት ከ3 ወር ይበቃል።

ለመለካት የሰፊ ሜትር በቂ ነው። ፀጉሩን ታጥባችሁ፣ እርጥብ እያለ ቀስ ብላችሁ ዘርግታችሁ ለኩ፤ የተጠቀለለ ፀጉር ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ በደረቁ የለካችሁት ያታልላችኋል። ከአናት ያለውን አጭሩንና ከኋላ ያለውን ረጅሙን ለዩና ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፉ። የቁጠባ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ለዚህ ይበቃል። ገንዘብም ፀጉርም ካልተመዘገበ እያደገ መሆኑ አይታወቅም፤ ተስፋ የምንቆርጠውም ስለማናየው ነው።

ፀጉር ቤት ስትሄዱ በግልጽ ተናገሩ። «ከታች ይህን ያህል፣ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪልኝ፤ የላዩንና የጎኑን መቀስ አታስነኪው» በሉ፤ ልኩንም በጣታችሁ አሳዩ። «ትንሽ ቅርጽ ላስይዝልሽ» ስትባሉ ተጠንቀቁ። ቅርጽ ማስያዝ ማለት ብዙ ጊዜ ሌየሩን እንደገና መቁረጥ ነው፤ የስድስት ወር ትዕግሥት በአምስት ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ነገር ደግሞ እናርም፦ ጫፍ መቁረጥ ፀጉርን አያፈጥንም፤ መቀሱ ሥሩን አያውቀውም። የተሰነጠቀው ጫፍ ወደ ላይ እየተቀደደ እንዳይሰበር ግን ያግዛል።

ይህ የሁለት ርዝመት ጣጣ ለአገራችን ሴቶች አዲስ አይደለም። በአማራ ገጠር ልጃገረድ ሳዱላ ትባል ነበር፤ መሀል አናቷ ይላጭና ዙሪያው ይቀራል። ስታገባ መላጨቱ ይቆምና አናቷ እንዲያድግ ይተዋል። አስቡት፤ አናቱ ገና ብቅ ያለ፣ ዙሪያው የረዘመ ፀጉር ነው። ከዛሬው ሌየር የባሰ ልዩነት ማለት ነው። እስኪስተካከል ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመታት ይፈጃል። ያን ጊዜ ካስክም ፔስትራም አልነበረም፤ ሹሩባ፣ ለጋ ቅቤና ጊዜ ግን ነበሩ። እያደገ ያለው አናት ማግባቷን ይናገር ነበር እንጂ የሚደበቅ ነውር አልነበረም። ታቦር ላይ ከሲዳማም፣ ከወላይታም፣ ከጉራጌም፣ ከሌላውም የመጣን ሴቶች አብረን እንኖራለን፤ እያንዳንዳችን ከእናቶቻችን የወረስነው የፀጉር አያያዝ አለን። እስቲ እርስ በርስ እንጠያየቅ።

በመጠበቂያው ጊዜ ምን እናድርግ? ሹሩባ ከሁሉ ይሻላል፤ አጭሩንና ረጅሙን በአንድ ጉንጉን ያስራል። አጫጭሩ እንዳያመልጥ ቀጠን ቀጠን አድርጎ፣ ከራስ ቆዳ አስጠግቶ መሥራት ነው። ነገር ግን አጭሩን ለመያዝ ሲባል መሳብ የለበትም። ሹሩባ ተሠርታችሁ ማታ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ በግንባር ዳር ጥቃቅን ብጉር ካወጣ፣ ጠብቋል ማለት ነው፤ ፍቱት። «ይለምድልሻል» ማለት ጥሩ ምክር አይደለም። ለረጅም ጊዜ እየተሳበ የኖረ የግንባር ዳር ፀጉር ይሳሳል፤ ሥሩ ከተጎዳ ደግሞ መልሶ ላይበቅል ይችላል። ሹሩባውን ስትፈቱ ብዙ ፀጉር በእጃችሁ ቢቀር አትደንግጡ። የሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ያራግፋል፤ ለሦስት ሳምንት በጉንጉን ተይዞ የቆየው በአንድ ቀን ሲወጣ ነው የሚበዛው።

ቅቤን በተመለከተ፣ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እርጥበቱንም ይይዛል፤ እንዲረዝም ግን አያደርግም። ስለዚህ መጀመሪያ ፀጉሩን በውኃ አርጥቡ፣ ከዚያ ቅቤውን ቀቡ፣ በኋላም በደንብ ታጠቡ። ማታ የሚያንሸራትት ሻሽ አስራችሁ ተኙ፤ የጥጥ ትራስ ጫፉን ይፈትገዋል።

ፔስትራና ካስክ የሚደብቁት ለጥቂት ቀን ነው። በየሳምንቱ የምትሄድ ሴት በዓመት 52 ጊዜ ትከፍላለች፤ በየሁለት ሳምንቱ የምትሄድ 26 ጊዜ። በየ3 ወሩ ጫፏን የምታስቆርጥ ግን 4 ጊዜ ብቻ። የምትከፍሉትን እናንተ ታውቃላችሁ፤ አባዙትና ከወር ቁጠባችሁ ጋር አስተያዩት። ለሠርግ ወይም ለበዓል መሠራት ያለ ነው፤ ደስ ይበላችሁ። በየሳምንቱ እየተጠበሰ ያለ ፀጉር ግን ከሥር ያደገውን ያህል ከጫፍ ይሰበራል፤ ያን ጊዜ ዓመት ብትጠብቁም ልዩነቱ አይጠብም።

በመጨረሻ ለሙያ ጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። በዚህ ማኅበር በፀጉር ሥራ የምንተዳደር ሁሉ መቀስ ከማንሣታችን በፊት ሦስት ነገር ለመጠየቅ ተስማምተናል። አንደኛ፣ «ምን ያህል ይቆረጥ? በጣትሽ አሳዪኝ።» ሁለተኛ፣ «ከታች እኩል ይሁን ወይስ ሌየር?» ሦስተኛ፣ «ሹሩባ ትሠሪያለሽ?» ሹሩባ የምትሠራ ከሆነች ሌየሩ ጉንጉኗን እንደሚያበላሸው ሳትቆረጥ ትወቅ። መልሱን ከሰማን በኋላ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አሳይተን እንቀጥላለን። ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሴት «ቁሚ» ካለች መቀሱ ይቆማል፤ ትንሽ ልጅም ትሁን፣ እትዬ የምንላቸው እናት። ይህ ደንበኛ ማክበር ብቻ ሳይሆን እንጀራችንን መጠበቅም ነው። ተጠይቃ የተቆረጠች ሴት ተመልሳ ትመጣለች፤ ሳትጠየቅ የተቆረጠች ግን ጎረቤቷንም ይዛ ትቀራለች።

ከሚቀጥለው ስብሰባ ጀምሮ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሜትር ይዘን እንቀመጣለን። ሌየሯን ማሳደግ የምትፈልግ አባል ትምጣ፤ ለክተን፣ የትኛው መንገድ እንደሚሻላት ተነጋግረን፣ ቀኑን በደብተሯ እንጽፍላታለን። አይከፈልበትም። ለደጋፊዎቻችንም የምንለው አለን፦ የጎደለን ትልቅ ነገር አይደለም፤ ለፀጉር ብቻ የሚውል ስለታም መቀስና የተቀመጠችው ሴት ጀርባዋን የምታይበት የእጅ መስታወት ነው። ከኋላዋ የሚሆነውን ማየት ከቻለች፣ ግማሹ ቅሬታ ከመጀመሪያው አይነሣም።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ አሁን ጠይቁን።