የነዋሪነት ጥያቄና የትምህርት ዕዳችን
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በአሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶቻችን ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲጽፉልን ስለ ነዋሪነት ሳያነሡ አይቀሩም። በዚያ አገር እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ከሚሰበስበው ግብር ዩኒቨርሲቲውን ስለሚረዳ፣ ለነዋሪው ልጅ ክፍያው ይቀንስለታል፤ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለመጣው ግን ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ቅናሹን ለማግኘት አስቀድሞ አሥራ ሁለት ወር መኖር ያስፈልጋል። ይኸውም ለትምህርት ብቻ መጥቶ ቤት መከራየት አይደለም፤ ግብር የከፈሉበት ወረቀት፣ የመንጃ ፈቃድና ይህን የመሳሰለ ማስረጃ ይመረመራል።

እንግዲህ የቦረና ልጅ እዚሁ መካነ ሰላም ሲማር የቀበሌ መታወቂያውን አውጥቶ «ዩኒቨርሲቲው በወረዳዬ ነውና ይቀነስልኝ» ቢል ምን ይባላል? አይቀነስለትም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ የቱሉ አውሊያውም የመካነ ሰላሙም ግቢ፣ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ተማሪ የሚመድበውም ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተጀመረው ወጪ መጋራት የትውልድ ወረዳን አይጠይቅም። ከማስተማሪያው ወጪ ቢያንስ ከመቶ 15፣ ከምግብና ከመኝታው ደግሞ ሙሉው በተማሪው ስም ዕዳ ሆኖ ይጻፋል፤ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ ይቆረጣል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። የመኖሪያ ቦታ በትምህርቱ ዋጋ ባይቆጠርም በእንጀራውና በአልጋው ይቆጠራል። እናቱ ቤት አድሮ የሚማር ተማሪ የምግብና የመኝታ ዕዳ ላይኖርበት ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ዓመቱን 300 ቀን ብለን ብናሰላው፣ 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ሙሉው ወደ ውሉ ከገባ የአራት ዓመት ተማሪ በምግብ ብቻ 120,000 ብር ተሸክሞ ይወጣል። በገንዘብ ተቀብለን ውጭ እንበላለን የምትሉም አስተውሉ፤ በእጅ የተቀበላችሁት ብርም ዕዳ ነው።

ይህ አዲስ ጣጣ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የአዳሪነቱ ሥርዓት በቀረ ጊዜ፣ የከተማው ልጅ ወደ አባቱ ቤት ሲገባ የጠቅላይ ግዛቱ ልጅ የኪራይ ክፍል ፍለጋ በየሰፈሩ ዞሯል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው እኛም እንደ አሜሪካኖቹ ለአካባቢው ልጅ ቅናሽ እንጠይቅ» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። አካባቢው ለልጁ የሚቀንስ ከሆነ ሌላው አካባቢም በእኛ ልጅ ላይ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የሳይንትና የወግዲ ገበሬ ልጅ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ፍለጋ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ለመሄድ የመጤ ዋጋ ሊከፍል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሳቸው ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎች እንደሚቀበል እናውቃለን፤ በሩን የሚያጠብ ሌላ ምክንያት ለምን እንጨምርበታለን?

ይልቅስ መንገዱ ይታይልን። ከከላላ ተነሥቶ ጅጅጋ ወይም ጋምቤላ የተመደበ ልጅ የአውቶቡሱን ዋጋ የሚያገኘው በግ ተሸጦ ነው፤ ይህ ወጪ በየትኛውም ውል አይገኝም፤ የሚከፍለውም አባት ዛሬውኑ እንጂ ልጁ ከተመረቀ በኋላ አይደለም።

ስለዚህ ለማኅበሩ ሁለት ነገር አቅርበናል። አንደኛው፣ አዲስ ተማሪ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በየዓይነቱ የሚጻፍበት ብር ተነቦ እንዲነገረው፤ ቤቱ እያደረ የሚማረውም ያልበላውንና ያልተኛበትን እንዳይፈርም ነው። ሁለተኛው፣ ከሩቅ ለተመደበና ቀበሌው ችግረኛነቱን በደብዳቤ ለመሰከረለት ተማሪ የመንገድ ድጋፍ እንዲጠየቅ ነው። በሁለቱም ላይ ዛሬ ድምፅ እንዲሰጥ እንለምናለን።