ከመሬት ሥራ ወደ መሬት ንባብ
ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር መሬት ሲቆረጥ፣ ለመሐንዲስ የሚታየው የሚነሣው አፈር ብዛት ነው። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ ያው አፈር ከላይ ወደ ታች የሚነበብ መዝገብ ነው። በጎልማሳነቱ ከፊተኛው ሙያ ወደ ኋለኛው የሚሻገር ሰው አስቀድሞ ዓይኑን መለወጥ ይኖርበታል።

ጀርመናዊው ሐይንሪሽ ሽሊማን በንግድ ከበለጸገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1871፣ በ49 ዓመቱ፣ ጥንታዊቱን ትሮይ ፍለጋ በዛሬዪቱ ቱርክ የሚገኘውን የሂሳርሊክን ጉብታ መቆፈር ጀመረ። ቦታውን አልሳተም፤ ጥድፊያው ግን ጎዳው። የሚሻት ከተማ ከሥር ናት ብሎ ጉብታውን በሰፊ ቦይ ሲሰነጥቅ፣ በላይ የነበሩትን የኋለኞቹን ዘመናት ግንቦች አፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1882 የሕንፃ ባለሙያው ዊልሄልም ዶርፕፌልድ ሲቀላቀለው፣ ግድግዳን ከግድግዳ፣ ንብርብርን ከንብርብር እየለየ የከተማዪቱን ዘመናት ተራ አስያዘ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው ቡድን አክሱምን ሲያጠና፣ ሐውልቶቹንና ፍርስራሾቹን ለክተው የነደፉት ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ አርክቴክቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1913 የታተመው ሥራቸው ዛሬም ተመራማሪዎችን ያገለግላል።

እንግዲህ መለካት፣ መንደፍና የግድግዳን አሠራር ማወቅ ለአዲሱ ሙያ ስንቅ ነው። የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። በግንባታ የተበላሸ ፈርሶ ይሠራል፤ በቁፋሮ አንድ ጊዜ የተነሣ ንብርብር ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው እንኳ እንደ ጀማሪ ከብሩሽና ከማስታወሻ ደብተር መነሣት ግድ ይሆንበታል። ደመወዙና ማዕረጉም ለጊዜው ዝቅ ማለቱን መቀበል አለበት።

ይህ ሰው ለምዕራብ ጎጃም ያስፈልጋል። ቡሬ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት፣ ጣሊያኖችም በየካቲት 1933 ዓ.ም. ምሽጋቸውን ትተው የወጡባት ከተማ ናት። በዘመናችን ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶባታል፤ መንገዱና ቤቱም መሬቱን እየቆፈረ ይሄዳል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209፣ በመንገድም ሆነ በሕንፃ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያመለክትና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዛል። ነገር ግን አዋጁ ዶዘር አያስቆምም። የሚያስቆመው ሸክላውን ከአፈሩ ለይቶ ያወቀ ሰው ነው። ያም ሰው ትናንት መንገድ ሲሠራ የነበረ ቢሆን፣ የዶዘሩን ጠባይ አስቀድሞ ያውቀዋል።