ኪስ የሌለው ቀሚስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሴት ተማሪዎች ክበብ ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ ስለ ምን እንደምንናገር ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ትምህርት ጥቅም ይሁን አሉ። ነገር ግን ስለ ትምህርት ጥቅም በየዓመቱ ብዙ ስለ ተነገረ፣ ዘንድሮ ማንም ተነሥቶ ስላልተናገረበት ጉዳይ እንናገር ብለን ተስማማን፤ ይኸውም ስለ ልብስ ነው። ይህን ስንል ፈገግ የሚል አድማጭ እንዳለ እናያለን። ከኋላ ወንበርም «ሴቶች ከልብስ በቀር ምን ወሬ አላቸው?» የሚል ድምፅ ቢሰማ አይደንቀንም። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ልብስ ጌጥ አይደለም። ልብስ ለለባሹ ስለሚሰጠው አገልግሎት ነው።

በቅድሚያ አንድ ቀላል ምርመራ እናድርግ። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ወንድሞቻችን ሁሉ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ አስገቡና ያገኛችሁትን አውጡ። እነሆ፣ እስክሪብቶ ወጣ፤ መሐረብ ወጣ፤ የቤት ቁልፍ ወጣ፤ ለባጃጅ የተቀመጠ ብር ወጣ። (ስልክም ያወጣ አለ፤ መምህራን ለዛሬ በዓል ብላችሁ ይቅር በሉት።) አሁን ደግሞ እኅቶቻችን እጃችሁን አስገቡ። ወዴት ታስገቡታላችሁ? የወንዶቹ የደንብ ልብስ ሱሪው በግራና በቀኝ፣ ደግሞም በስተኋላው ኪስ አለው፤ ሸሚዙም የደረት ኪስ አለው፤ በድምሩ አራት ይሆናል። የእኛ ቀሚስ አንድም የለውም። ጨርቁ ከአንድ ጥቅል የተቆረጠ ነው፤ የሰፋውም አንድ ልብስ ሰፊ ነው፤ ወላጆቻችን የከፈሉትም ዋጋ እምብዛም አይለያይም። ልዩነቱ የመጣው ማንም ስላላሰበበት ብቻ ይመስለናል።

ይህ ነገር ጥንትም እንዲህ ነበረ የሚል ሰው ቢኖር፣ አልነበረም ብለን እንመልስለታለን። አያቶቻችን ረጅም ቀሚስ ቢለብሱም ያለ መቀነት አይወጡም ነበር። መቀነት ደግሞ ወገብ ለማሳመር ብቻ አልተሠራም። ገንዘብ በጫፉ ይቋጠራል፤ ቁልፍ ይታሰርበታል፤ ከባድ ሸክም ሲነሣ ወገብን ደግፎ ይይዛል፤ ቀሚስ ሲረዝምም በእርሱ ይሰበሰባል። «ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችው» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ ማን አለ? ያ መቀነት የሴት ኪስ ነበረ። ከዚያም የከተማ ቀሚስ መጣ፤ መቀነቱን አስፈታ። በመቀነቱ ፋንታ ግን ምንም አልሰጠንም። ወንዱም ቢሆን እጀ ጠባቡን ትቶ የከተማ ልብስ ለብሷል፤ እርሱ ግን አራት ኪስ ተቀብሏል። የእኛ ክርክር በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በሌላም አገር ደርሷል። በአውሮፓ ከ17ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር በወገባቸው የሚያስሩት የጨርቅ ከረጢት ነበራቸው፤ በቀሚሱ ጎን በተተወ ቀዳዳ እጃቸውን አስገብተው ያሻቸውን ያወጡ ነበር። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ቀሚሱ እየቀጠነ ሲሄድ ለከረጢቱ ቦታ ጠፋ፤ ሴቲቱም ትንሽ ቦርሳ በእጅዋ አንጠልጥላ እንድትሄድ ሆነች። አንድ እጅዋ ከዚያ ወዲህ ሥራ ያዘ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን የሴት ሱሪ ኪስ አለው ቢባል ስሙ ብቻ ነው። በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዘ ፑዲንግ የተባለ የአሜሪካ የጽሑፍ አዘጋጆች ቡድን የ20 ድርጅቶችን የወንድና የሴት ጂንስ ሱሪዎች ለክቶ፣ የሴቶቹ የፊት ኪስ ከወንዶቹ በአማካይ 48 በመቶ ያጠረ ሆኖ አግኝቶታል። እንግዲህ በሶዶ ገበያ ልባሽ ጨርቅ የምንገዛ ልጃገረዶች፣ ጣታችን ኪሱ ውስጥ ገብቶ መዳፋችን ውጭ የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነው። አንዳንዱ እንዲያውም ኪስ መስሎ የተሰፋ ክር ብቻ ነው!

አሁን ወደ አገራችን ወደ ወላይታ እንመለስ። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በክረምት የሚወርደውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቀይ ጭቃ ነው። በዚያ መንገድ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የምትወጣ ልጅ አንድ እጅዋ ገመዱን ይይዛል፣ ሁለተኛው እጅዋ ቀሚሷን ከጭቃው ከፍ ያደርጋል። ብትንሸራተት ምድርን የምትይዝበት ሦስተኛ እጅ አልተሰጣትም። ወንድሟ በዚያው መንገድ ሲወጣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሁለት እጁን ነጻ አድርጎ ይሄዳል። እንሰት የሚፍቁት፣ ቡላውን የሚጨምቁት፣ ቆጮውን የሚቀብሩት እናቶቻችን ናቸው። ቀሚሳቸውን ሰብስበው በጉልበታቸው መካከል ሸጉጠው ይሠራሉ፤ በተነሡና በተቀመጡ ቁጥር የሸጎጡት ይፈታል፣ እንደገና ይሸጉጡታል። ይህን ስንት ጊዜ በቀን እንደሚያደርጉት የቆጠረ የለም። እኛም እስከ ዘንድሮ ድረስ አላስተዋልነውም ነበር፤ ዓይን የለመደውን አያይምና።

ከሁሉ የከፋው ግን የሞተር ብስክሌት ነው። ከሶዶ ወደ አረካ፣ ወደ ቦዲቲ፣ ወደ ሁምቦ ቀበሌዎች በሞተር የማይጓዝ ዛሬ ማን አለ? ወንዱ ተሳፋሪ ኮርቻውን በሁለት እግሩ አቅፎ ይቀመጣል። ሴቲቱ ቀሚስ ስለለበሰች ሁለት እግሯን በአንድ ወገን አድርጋ በጎን ትቀመጣለች። በአንድ እጅዋ ቀሚሷን ከነፋስ ትጠብቃለች፤ በሌላው ልጇን ወይም ዘንቢሏን ትይዛለች። ነጂው ጉድጓድ ለማለፍ ድንገት ወደ ጎን ያለ እንደሆነ የምትይዘው ነገር የላትም። የነጠላዋ ጫፍ ወደ ኋላ እግሩ ተሽከርካሪ ከገባ ደግሞ ምን እንደሚሆን ዘርዝሮ መናገር በበዓል ቀን ደስ አይልም። በጎን መቀመጥ ጨዋነት ነው የሚሉ ሽማግሌዎቻችንን እናከብራለን፤ ሆኖም ጨዋነቱ የተጠበቀበትን ዋጋ አብረን እንድንመለከት እንለምናቸዋለን።

በጊፋታ በዓል ጊዜ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ መስመር ያለው ዱንጉዛችን ከተማውን ሲያስጌጥ ልባችን ይኮራል። ከአንድ ዓይነት ጨርቅ ለወንዱ ኮትና ሱሪ ይሰፋለታል፣ ለሴቲቱ ቀሚስ። ጥጡን የፈተሉት እናቶች ናቸው። ኪሱ ግን ለማን እንደ ተሰፋ መናገር አያስፈልገንም።

ስለ ሴት ልብስ ክርክር አልተደረገም ማለታችን አይደለም፤ እንዲያውም ያለ ልክ ተደርጓል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው ታላቅ ትምህርት ቤት የሴቶች የልብስ ትርኢት በመዘጋጀቱ ተማሪዎች ተቃውመው ከፍተኛ ረብሻ ተነሥቶ ነበር። አጭር ቀሚስ የባዕድ ባህል ነው፣ አይደለም ተባለ። በፓሪስ ከተማ ሴት ያለ ፖሊስ ፈቃድ ሱሪ እንዳትለብስ በ1800 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣው ትእዛዝ በግልጽ መሻሩ የተነገረው በ2013 ነው። በማላዊም ከ1973 ጀምሮ ለሴት ሱሪና አጭር ቀሚስ በሕግ ተከልክሎ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። እንግዲህ አጠረ፣ ረዘመ፣ ጠበበ እየተባለ ሙግቱ በሦስት አገር ተካሄደ። ልብሱ ላይ የሚፈርዱት ሁሉ የሚመለከቱት ከውጭ ነው። በውስጡ ያለችው ሴት ልትሮጥበት፣ ልትሸከምበት፣ ልትወጣበት ትችል እንደ ሆነ ግን የጠየቃት ማነው?

ሱሪን በተመለከተ ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 እየጠቀሱ የሚመክሩን ወላጆች አሉ። ከእነርሱ ጋር በሃይማኖት ነገር ልንከራከር አልመጣንም። ነገር ግን ሱሪ ለኢትዮጵያዊት ሴት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው የሚለውን አንቀበልም። የሐረር ከተማ ሴቶች ከቀሚሳቸው ሥር ቀጭን ሱሪ መልበሳቸው የቆየ ባህል ነው፤ ጨዋነታቸውንም የተጠራጠረ አልሰማንም። በእኛ ትምህርት ቤትስ ቢሆን፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከቀሚሳችን ሥር ቱታ ደርበን የምንወጣ ስንቶች ነን? ሱሪውን ለብሰነዋል፤ ቀሚሱ ከላይ የተንጠለጠለው ለምስክርነት ብቻ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አግኝታ ከአፍሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያይቱ ስትሆን፣ የሮጠችው ለሩጫ በተሠራ ልብስ ነበረ። አገር በሙሉ እልል ያለላት በዚያው ልብስ ነው።

አሁን ለመናገር ወደሚከብደን ነገር ደርሰናል። ወንዶች ወንድሞቻችንም በጸጥታ እንዲሰሙን እንለምናለን። ልጃገረድ ሁሉ በየወሩ የወር አበባ ታያለች። በእነዚያ ቀኖች የንጽሕና መጠበቂያ ይዛ ከክፍል ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ አለባት። ኪስ ያላት ብትሆን በኪሷ ይዛ ማንም ሳያውቅ ወጥታ ትመለስ ነበር። ኪስ ስለሌላት ግን ወይ በእጅጌዋ ሸሽጋ፣ ወይ ቦርሳዋን ሙሉ ተሸክማ ስልሳ ተማሪ እያያት መውጣት አለባት። ቦርሳ ይዛ የተነሣች ልጅ ደግሞ «ወዴት ነው?» ተብላ መጠየቋ አይቀርም። መምህሩ በክፋት አይጠይቅም፤ ከትምህርት የምትሸሽ መስሎት ነው። እርሷ ግን መልስ የላትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር እቤት መቅረትን ትመርጣለች። የቀረችበት ቀን የሒሳብ ፈተና ያለበት ቀን ሊሆን ይችላል። ከእኛ ክበብ አባሎች መካከል በዚህ ምክንያት ቀርታ የማታውቅ እጅዋን እንድታወጣ ጠይቀን፣ እጆቹ ጥቂቶች ነበሩ። ለመጠበቂያው ራሱ ገንዘብ የሌላት ልጅ ችግር ከዚህም ይብሳል፤ እርሱን ኪስ ብቻ አይፈታውም።

ስለዚህ ክበባችን ሁለት ነገር ይለምናል። አንደኛው፣ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ የልጃገረዶች የደንብ ልብስ ቀሚስ በስተቀኝ ጎኑ ኪስ እንዲኖረው ነው። ሁለተኛው፣ በስፖርት፣ በግብርናና በቤተ ሙከራ ቀን፣ እንዲሁም ብርድና ዝናብ በሚበረታበት ወራት፣ የፈለገች ልጅ የደንቡን ቀለም ሱሪ እንድትለብስ እንዲፈቀድላት ነው። የፈለገች ማለታችንን ልብ በሉልን፤ ቀሚሷን የምትወድ ትልበሰው፣ ማንም አያስወልቃትም። ሁለቱን ባንድነት መፍቀድ ለወላጆች የሚከብድ ከሆነ ኪሱ ይቅደም።

ወጪው ይበዛል እንዳይባል አስቀድመን አንድ ልብስ ሰፊ ጠይቀናል። ለኪስ የሚሆነው ጨርቅ ቀሚሱ ሲቆረጥ ከሚተርፈው ቁራጭ እንደሚወጣና ተጨማሪ ሜትር መግዛት እንደማያስፈልግ ነገረን፤ የእጅ ዋጋውንም እምብዛም አላከበደብንም። ከዚያም እየሳቀ «እስከ ዛሬ ኪስ አድርግልኝ ብላ የጠየቀችኝ ሴት የለችም እኮ፤ በሉ ልኩን አምጡልኝ» አለን። ልኩን አዘጋጅተናል፦ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፣ አፉም እጅ እስከ አንጓው የሚያስገባ። የሚመጣው ዓመት ጨርቅ የሚቆረጠው በነሐሴ ስለሆነ፣ የወላጆች ኮሚቴ መልሱን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቢሰጠን እንወዳለን።