ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በድኅረ ምረቃ ደረጃ ማጥናት፦ ከሸጎሌ ሲታይ

ዓለም አቀፍ ግንኙነት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ የሆነው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በዌልስ፣ በአበሪስትዊዝ፣ የመጀመሪያው የፕሮፌሰርነት ወንበር ሲቋቋም የተፈለገው ያን ያህል ሕዝብ የፈጀ ጦርነት ለምን እንደተነሣ ማወቅና ዳግም እንዳይነሣ መላ መፈለግ ነበር። ኢትዮጵያ ዘርፉ ገና ዳዴ ሲል ጀምሮ በውስጡ አለች። በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወራት ማኅበሩ ቃሉን አጠፈ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ ቀርበው አቤቱታቸውን አሰሙ። እንግሊዛዊው ኢ.ኤች. ካር እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመውና ዛሬም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁሉ በሚያነበው መጽሐፉ ይህን ውድቀት ደጋግሞ ያነሣል። የሪያሊዝም አስተሳሰብ ቅርጽ በያዘበት ክርክር ውስጥ የኢትዮጵያ መከራ እንደ ማስረጃ ቀርቧል ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ይህን ዘርፍ የሚያጠና ሰው ንድፈ ሐሳቡን ከሩቅ አገር እንደመጣ ዕቃ ሊቀበለው አይገባም። ሪያሊዝም ኃይል የሌለው መንግሥት በሕግ ብቻ አይድንም ይላል፤ የ1928ቱ ወረራ ይህን የሚያጸና ይመስላል። ይሁን እንጂ ያችው አገር እ.ኤ.አ. በ1960 ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ፣ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ከሳሾቹ በጉዳዩ የራሳቸው ሕጋዊ መብት የላቸውም ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት ግን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የአስተዳደር ሥልጣን መሻሩን አወጀ። የተረታ ክስ ፖለቲካዊ ፍሬ ያፈራበትን ይህን ሂደት በኃይል ሚዛን ብቻ ማስረዳት አይቻልም። በማስተርስ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ጥሩ ክርክር የሚጀምረው እንዲህ አንዱ ማስረጃ ሌላውን ሲያስጨንቅ ነው።

ዘርፉን በቅርብ ለማየት ጉለሌ ውስጥ ካለችው ሸጎሌ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ መኖሪያ ከነበራቸው ከሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ነው። ሼህ ሆጀሌ በዛሬው አሶሳ አካባቢ፣ በወርቅ በታወቀው ቤላ ሻንጉል፣ ከነበሩት ገዢዎች አንዱ ነበሩ። አገሩ በ1890 ዓ.ም. በራስ መኮንን ዘመቻ ወደ ምኒልክ ግዛት ተጠቃለለ፤ ሼኹም የእስርን ዘመን አሳልፈው በኋላ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ዘንድ ባለሟል ሆኑ፣ በአካባቢያቸውም ላይ ሥልጣናቸውን መልሰው አጠናከሩ። በሱዳን ከመሐዲስቶች፣ ቀጥሎም ከእንግሊዞች፣ በዚህ ወገን ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር እየተደራደሩ የኖሩ የጠረፍ ሰው ናቸው። የባለቤታቸው የሲት አምና ስም በባሪያ ንግድ ምክንያት በእንግሊዝ ሹማምንት ጽሕፈቶች ውስጥ ይነሣል። የባሪያ ንግድ ጉዳይ ደግሞ ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የቀረበባት ትልቁ ተቃውሞ ነበር። የአንድ ጠረፍ ቤተሰብ ታሪክ እስከ ጄኔቫ ይዘልቃል።

የድኅረ ምረቃ ተማሪ እዚህ ላይ የሚማረው ግዛትና ድንበር ሁልጊዜ በዋና ከተሞች ብቻ እንደማይወሰኑ ነው። ምኒልክና እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ተሠመረ፤ ቤላ ሻንጉልም በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። የውሉ ሦስተኛ አንቀጽ በዐባይ፣ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ ይላል። መቶ ዓመት አልፎ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ መሠረት ዛሬ የቤላ ሻንጉልን ስም በያዘው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ሲጣል፣ ያ አንቀጽ እንደገና የክርክር መነሻ ሆነ። በግብፅ በኩል ውሉ እንደ ግዴታ ይጠቀሳል፤ በኢትዮጵያ በኩል ማገድና መጠቀም አንድ አይደሉም፣ በቅኝ ገዢ የተደረገ ውልም አያስርም የሚል መልስ ይሰጣል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አንቀጹ ግን አሁንም ተነብቦ አላለቀም።

ይህ ጉዳይ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዴት እንደሚወለድም ያሳያል። «የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት» ብሎ ፕሮፖዛል የሚያቀርብን ተማሪ አማካሪው ይመልሰዋል፤ መመለሱም ትክክል ነው። «ከ1894ቱ ውል በኋላ የቤላ ሻንጉል የጠረፍ ገዢዎች የሁለቱን መንግሥታት የወሰን አስተዳደር በምን መንገድ ቀየሩት?» ቢል ግን ጊዜው ተወስኗል፣ ተዋናዮቹ ይታወቃሉ፣ ሰነዱም ይገኛል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት በምዕራብ ጠረፍ ላይ ስለነበረው የኢትዮጵያና የሱዳን ግንኙነት ነው። ጥያቄው በጠበበ መጠን መልሱ እንደሚጠልቅ ከዚህ ጥናት በላይ ምሳሌ አያስፈልግም።

ሰነዱ ያለበት ቦታ ግን ተበታትኗል። አንዳንዱ ስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አንዳንዱ በወመዘክር ይገኛል፤ የሱዳንን የጠረፍ ሹማምንት ወረቀት ለማየት ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዱርሃም ድረስ መሄድ፣ ወይም የተቃኘ ቅጂ ማፈላለግ ግድ ነው። የሰነዱ ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ። የአብዛኛው ተማሪ የንባብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ ብቻ መሆኑ ትልቅ ጉዳት ነው። ስለ ዐባይ የሚጽፍ ተመራማሪ የካይሮና የካርቱም ጋዜጦችን በራሳቸው ቋንቋ ማንበብ ካልቻለ የሚያውቀው የተቃዋሚውን ሐሳብ ሳይሆን ስለ ተቃዋሚው የተነገረውን ነው። ዐረብኛ በዚህ ዘርፍ እንደ ትርፍ ትምህርት ሳይሆን እንደ መሠረታዊ መሣሪያ መቆጠር ነበረበት። ከጽሑፍ ውጭ ደግሞ ጡረታ የወጡ ዲፕሎማቶች አሉ፤ እንደ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ማስታወሻ ጽፈው ያለፉት ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ቃለ መጠይቁ ሳይረፍድ መደረግ ይኖርበታል።

የትምህርቱ አወቃቀር ይታወቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋሙ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007። አመልካቹ በቅርብ ዓመታት በትምህርት ሚኒስቴር የተጀመረውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ያልፋል፤ ማስተርሱ በተለምዶ አንድ ዓመት ኮርስ፣ አንድ ዓመት ጥናት ነው። ብዙው ተማሪ ሥራ ያለው በመሆኑ ከመሥሪያ ቤት መልስ ማታ ይማራል፣ ቅዳሜና እሑድ ያነባል። የሚበዛው ሰው የሚደናቀፈው ኮርሱ ላይ ሳይሆን ጽሑፉ ላይ ነው፤ በተለይም ንድፈ ሐሳቡን በአንድ ምዕራፍ፣ ማስረጃውን በሌላ ምዕራፍ አስቀምጦ ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ። በዲፌንስ ቀን ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሪያሊዝምን ከጽሑፉ ቢያወጡት የሚፈርስ ነገር አለ ወይ? የሚፈርስ ከሌለ ተማሪው አስተካክሎ እንዲመልስ ይታዘዛል።

የተመረቀው በዚህችው ከተማ ውስጥ ሥራ የሚፈልግበት ቦታ አያጣም። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ አዲስ አበባ ነው፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1963 የተመሠረተው እዚሁ ሲሆን ወራሹ የአፍሪካ ኅብረትም መቀመጫው ይኸው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ኤምባሲዎቹም እዚሁ አሉ፤ ከከተማዋ ውጭ ደግሞ በጅቡቲ ኢጋድ አለ። እነዚህ ተቋማት የሚሹት ውልን አንቀጽ በአንቀጽ የሚያነብ፣ የድርድር ማስታወሻን በአንድ ገጽ የሚያሳጥርና የወዲያኛውን ወገን ክርክር ከባለቤቱ በተሻለ አድርጎ ማቅረብ የሚችል ባለሙያ ነው።