የኮምፒውተር ቋንቋዎች ጠባይና የእኛ ድርሻ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ፕሮግራም ሥራ ሲነሣ «ይህ የሽቦና የቁጥር ነገር ነውና እኛን ምን አገባን» የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ከሽቦ ጋር ሳይሆን ከቋንቋ ጋር ነው። የሚጽፍበትም ቋንቋ ሰው የሠራው ስለ ሆነ የራሱ ጠባይ፥ የራሱ ልማድና ከቀደሙት የወረሰው እንግዳ ነገር አለው። ዛሬ ስለዚህ ጠባይና፥ ማንም ሰው ሊያነበውና ሊያርመው ስለሚችለው ክፍት ሶፍትዌር ጥቂት እንናገራለን። ሁለቱም ተያይዘው ወደ አንድ ጥያቄ ያደርሱናል፤ ይኸውም ፊደላችን በኮምፒውተር ላይ በደንብ እንዲሠራ ማድረግ የማን ሥራ ነው? የሚለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ወሮች አቆጣጠር እንናገር። ጃቫስክሪፕት የሚባለውን ቋንቋ ብሬንዳን አይክ የተባለ ሰው በ1995 በዐሥር ቀን ውስጥ ረቂቁን አወጣው። በዚህ ቋንቋ ጃንዋሪ 0 ሲሆን ዲሴምበር 11 ነው፤ የወሩ ቀን ግን እንደ ሰው ልማድ ከ1 ይጀምራል። ጀማሪ ተማሪ ይህን ሲያይ የሠሪው ስንፍና ይመስለዋል። ነገሩ ግን ውርስ ነው። ጃቫስክሪፕት የቀን አቆጣጠሩን ከጃቫ ቀዳ፤ ጃቫም በተራው የሲን ቋንቋ ልማድ ተከተለ፤ በሲ ደግሞ በተርታ የተቀመጠ ነገር ሁሉ የሚቆጠረው ከ0 ነው። ጃቫ በ2014 አዲስ የቀን መቁጠሪያ አወጣና ወሮቹን ከ1 መቁጠር ጀመረ። የጃቫስክሪፕት የድሮው መቁጠሪያ ግን እንዳለ ነው፤ ይለወጥ ቢባል በእርሱ ተማምነው የተጻፉ ድረ ገጾች ሁሉ ቀናቸው ይዛባልና። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ በችኮላ የተወሰነ ትንሽ ነገር፥ ብዙ ሰው ከተደገፈበት በኋላ እንደ ቤት መሠረት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ የቀረበ ነው። ፓይተን በሚባለው ቋንቋ «፩» የቁጥር ምልክት ነውን? ብላችሁ ብትጠይቁ «አዎን» ይላችኋል። እንግዲያስ ወደ ቁጥር ለውጥልኝ ብትሉት «አይሆንም» ብሎ ስሕተት ያሳያችኋል። ይህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ብንመረምረው ግን ምክንያት አለው። የግዕዝ ቁጥር 0 የለውም፤ ለዐሥር ፲፥ ለሃያ ፳፥ ለመቶ ፻ የሚሉ የራሳቸው ምልክቶች አሉት። 123 ሲጻፍ ፻፳፫ ነው እንጂ የአንድ፥ የሁለትና የሦስት ምልክቶች ተከታትለው የሚቆሙበት አይደለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የግዕዙን ምልክቶች እንደ ፈረንጁ ቁጥር በቦታቸው ብቻ ቢቆጥራቸው ኖሮ ትልቅ ስሕተት ይሆን ነበር። እንግዳ የመሰለን ነገር ሁሉ ጥፋት አይደለም፤ መጀመሪያ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ምሳሌ ግን በሰው ላይ ጉዳት የሚያመጣ ነው። ዛሬ በብዛት ጽሑፍ የሚቀመጥበት ዘዴ ዩ.ቲ.ኤፍ. 8 ይባላል፤ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 የነደፉት ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በማኅደሩ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት ነው። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም ጸሓፊ ለስም 20 ባይት ይበቃል ብሎ ቢወስን ምን ይሆናል? «ገብረመድኅን» ሰባት ፊደል ስለ ሆነ 21 ባይት ይፈልጋል፤ የመጨረሻዋ «ን» ተቆርጣ ትቀራለች፥ በምትኳም ትርጉም የሌለው ምልክት ይታያል። ፕሮግራም ጸሓፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ፕሮግራሙን የሞከረው በሚያውቀው ፊደል ብቻ ስለ ነበረ ነው።

ከዚህም የባሰው የተመሳሳይ ድምፅ ፊደሎች ጉዳይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። መጀመሪያው በ«ፀ» ወይም በ«ጸ» ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሀ፥ በሃ፥ በሐ፥ በሓ፥ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሁለት በስድስት ሲባዛ ዐሥራ ሁለት አጻጻፍ ይሆናል፤ ለጆሯችን አንድ ቃል፥ ለኮምፒውተሩ ግን ዐሥራ ሁለት የማይተዋወቁ ቃሎች ናቸው። በሆስፒታል መዝገብ ላይ «ኃይሉ» ተብሎ የተጻፈ በሽተኛ ሌላ ቀን «ሀይሉ» ተብሎ ቢፈለግ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል መልስ ይመጣል። የቀድሞ ሕመሙም ሆነ የማይስማማው መድኃኒት ሳይታወቅ ይቀራል።

«እንግዲያው ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል እንለውጠውና እንገላገል» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም አያዋጣም። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ ብርሃን ሰጠ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን ያው የሌባው ሥራ ነው። ደግሞም ሰው ስሙን በጻፈበት ፊደል ሊጠራ መብቱ ነው። ትክክለኛው መንገድ ሲያስቀምጡ እንደ ተጻፈው ማስቀመጥ፥ ሲፈልጉ ግን ተመሳሳዮቹን እንደ አንድ አድርጎ ማየት ነው። ይህን ፍርድ ለመስጠት ኮምፒውተር ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ቋንቋውን ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ክፍት ሶፍትዌር እንለፍ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 አንድ አሳብ አወጀ፤ ሰው የሚሠራበትን ፕሮግራም እንደ ልቡ ይጠቀምበት፥ ውስጡን ይመርምር፥ ለጎረቤቱ ያካፍል፥ ያሻሽለውም ዘንድ ነጻነት ይኑረው የሚል ነው። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፥ ገና የ21 ዓመት ልጅ ሳለ፥ ሊኑክስን ጀመረና ሥራውን ለሁሉ አሳየ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዛቸው የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ በሊኑክስ ላይ የቆሙ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው፥ አንድ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ብዙዎች ተካፍለው አነሡት።

ይህ በር ለእኛም ፊደል ጠቅሟል። የዓለም ፊደሎች ሁሉ በቁጥር የሚመዘገቡበት ዩኒኮድ የሚባለው መዝገብ በ1999 ባወጣው ሦስተኛ እትም የግዕዝን ፊደል አስገባ፤ ከዚያም በ2005፥ በ2010 እና በ2021 ሌሎች ቋንቋዎች የሚጠቀሙባቸው ተጨማሪ ፊደሎች ገቡ። አይ.ሲ.ዩ. በሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ውስጥም ዐሥራ ሦስት ወር ያለው የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜን ተጽፎ ይገኛል። አንድ ጊዜ በትክክል ስለ ተጻፈ፥ ከዚያ በኋላ ስልክ የሚሠራውም ድረ ገጽ የሚያዘጋጀውም ያለ ክፍያ ይጠቀምበታል።

ነገር ግን በሩ ክፍት ነው ማለት ሰው ይገባበታል ማለት አይደለም። በ2024 ኤክስ.ዜድ. በሚባል ትንሽ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ አደገኛ ተንኮል ተደብቆ ተገኘ። ብዙ ኮምፒውተሮች የተደገፉበትን ያን ሥራ ለዓመታት የተሸከመው አንድ የደከመ ሰው ነበር፤ ተንኮለኛውም በረዳትነት ስም ቀርቦ አመኔታ አገኘ። የተጋለጠው፥ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የአንድ ሥራ መግቢያ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን አይቶ፥ «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ ስለ መረመረ ነው። ኮዱ ለሁሉ ክፍት ነበር፤ ያዳነው ግን ያየውን ችላ ያላለ አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ። ስማችን ሲቆረጥ፥ ፍለጋው ሲያሳስት፥ «ፈረንጆች አላሰቡልንም» ብሎ ማማረር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ «ኃይሉ»ና «ሀይሉ» አንድ ስም መሆናቸውን በካሊፎርኒያ የተቀመጠ ሰው ከየት ያውቀዋል? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። ለዚህም ሥራ ፕሮግራም ጸሓፊ መሆን ግዴታ አይደለም። የቋንቋ ትምህርት ተማሪ የትኞቹ ፊደሎች በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ሊታዩ እንደሚገባ ዝርዝር ሊያወጣ ይችላል። የሕግ ተማሪ ፈቃዶቹን አንብቦ ምን እንደሚፈቅዱና ምን ግዴታ እንደሚጥሉ ሊያስረዳን ይችላል። እኛ የኮምፒውተር ተማሪዎች ደግሞ የምንጽፈውን እያንዳንዱን ፕሮግራም በ«ገብረመድኅን»ና በ«ፀሐይ» ሳንሞክር አናስረክብ። ስሕተት ያገኘ ሁሉ «አይሠራም» ብሎ ከመተው፥ ምን እንደ ጻፈ፥ ምን እንደ ወጣና ምን መውጣት እንደ ነበረበት በሦስት መስመር ጽፎ ለሥራው ባለቤቶች ይላክ። ይህን ለማድረግ ከማንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ለመመረቂያ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ማርክ ከተሰጠባቸው በኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ ከሚቀሩ፥ በክፍት ፈቃድ ወጥተው የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ከቆሙበት እንዲጀምር ይደረግልን። ዛሬ ቸኩለን የምንወስነው ነገር ነገ ሰው የሚደገፍበት መሠረት ይሆናልና፥ ስሙን በፈለገ ጊዜ «የለም» የማይባል ትውልድ እንዲመጣ አሁን ተጠንቅቀን እንጻፍ።