ደለል የጠበቀው ምስክርነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በክረምት ከጣርማ በር ሥር የሚወርደው ውኃ ደፍርሶ ይወርዳል። የሮቢ ወንዝ ሲሞላ ድንጋዩንና ግንዱን እያንከባለለ ወደ ይፋት ቆላ ይገባል፤ ሲጎድል ደግሞ በዳርና በዳር ለስላሳ ጭቃ ትቶ ይሄዳል። ይህንን ደለል ማሽላና ሽንኩርት የሚበቅልበት መሬት ብቻ አድርገን እናየው ነበር። ዛሬ ግን ደለል የጥንት ፍጡራን መዝገብ መሆኑን ባጭሩ ለማስረዳት ተነሥተናል።

አንድ እንስሳ በሜዳ ቢሞት ጅብና አሞራ ይከፋፈሉታል፤ የቀረውን ፀሐይና ዝናም ይፈጩታል። ሬሳው ፈጥኖ በጭቃ ከተሸፈነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ደቃቁ ደለል አየሩን ይከለክላል፤ በየዘመኑ የሚሰርገው ውኃም ማዕድን እያመጣ አጥንቱን ወደ ድንጋይነት ይለውጠዋል።

በአሜሪካ በሞንታና፥ አፋቸው እንደ ዳክዬ መንቆር የሆነ ዳይኖሶሮች አጥንት በአንድ ንብርብር ተከማችቶ ተገኝቷል። ዕድሜው ወደ 76 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ መንጋውም እስከ 10,000 ይደርስ እንደ ነበረ የገመቱ ሊቃውንት አሉ። በአገራችን ግን ይህን የመሰለ የዳይኖሶር ክምችት አልተገኘም። በሰሜን ሸዋ በዠማ ወንዝ ሸለቆ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ግድም የቆዩ የዳይኖሶር ጥርሶች ተለቅመዋል፤ እነርሱም ነጠላ ነጠላ ናቸው። ወንዝ አጥንትን ይበትናልና፥ ከሁሉ ጠንክሮ የሚቀረው ጥርስ ነው።

ነገር ግን ኢትዮጵያ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላት። የሮቢ ውኃ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ወደ አፋር ወርዶ በሐዳር ያልፋል። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በተገኘች በዓመቱ፥ በ1968 ዓ.ም. በዚያው በሐዳር፥ ቁጥር 333 በተባለው ስፍራ፥ ከ200 የሚበልጡ ስብርባሪ አጥንቶች በአንድነት ተገኙ። ከ13 የማያንሱ የድንቅነሽ ዘር ወገኖች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ሕፃናት አሉ። ዕድሜያቸው 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ዓመት ያህል ነው። ሊቃውንቱም «የመጀመሪያው ቤተሰብ» አሏቸው።

ምን ገደላቸው? ይህን በሰማን ጊዜ እኛ ሁላችን በአንድ አፍ «ጎርፍ ነው» አልን፤ የሮቢን ሙላት አይተናልና። ከሊቃውንቱም አስቀድሞ እንዲህ የገመቱ ነበሩ። ኋላ ግን ደለሉ ራሱ ተመረመረ። ኀይለኛ ጎርፍ ጠጠርና ድንጋይ ይጥላል፤ እነዚህ አጥንቶች የተቀበሩበት አፈር ግን ደቃቅ ነው፤ ዝግ ያለ ውኃ ያስቀመጠው ነው። ስለዚህ ጎርፍ አሰመጣቸው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም። አውሬ ይሁን፥ ሌላ መዓት ይሁን፥ እስካሁን አልተቈረጠም። ጥያቄው ሕያው ሆኖ የቈየው ግን አጥንቱ ብቻ ሳይሆን አፈሩም ምስክር ሆኖ ስለ ተጠየቀ ነው።

አሁን በራሳችን ላይ የምንመሰክረው አለ። ባለፈው ዓመት አንድ የክፍላችን ልጅ ቅጠል የታተመበት ድንጋይ ከአገሩ ይዞ መጣ። ሁላችን ድርሻ ፈለግንና በመዶሻ ከፋፈልነው። ከየትኛው ገደል፥ ከየትኛው ንብርብር እንደ ወጣ የጠየቀ አልነበረም። ኋላ በዚሁ በሰሜን ሸዋ፥ በሙሽ ሸለቆ፥ በጥንት የሐይቅ ደለል ውስጥ የተጠበቁ 21 ሚሊዮን ከ700 ሺህ ዓመት ያህል የቆዩ ቅጠሎች እንደሚጠኑ ባነበብን ጊዜ እጅግ ዐፈርን። ቁራጮቹን ሰብስበን ለመግጠም ሞከርን፤ ግማሹ ጠፍቶ ነበር። የተገኘበትን ስፍራ ግን ልጁም ረስቶታል፤ ይህ ከስብራቱ የከፋ ጥፋት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ አሸዋ ስታወጡ፥ ጕድጓድ ስትቈፍሩ፥ ከብት ስትጠብቁ እንግዳ ድንጋይ ወይም አጥንት ብታገኙ አታንሡት፤ ስፍራውን አስተውላችሁ ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት አስታውቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ዐዋጅም ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል። እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን፤ እናንተ ግን ትቀራላችሁ። እኛ የሰበርነውን እናንተ ጠብቁት።