የማይነሣ ሞተር፦ ከመፍታት በፊት መመርመር
(ለዲማና ለአካባቢዋ የእንጨትና የብረት ሥራ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



የቶርኖው ማብሪያ ሲጫን ሞተሩ ሳይዞር «እምም» ብቻ እያለ የሚቆምበት ጊዜ አለ። ይህን ድምፅ የሰማ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል። ወይ «ሞተሩ ተቃጥሏል» ብሎ ፈትቶ ለጥቅለላ ወደ ከተማ ይልከዋል፤ ወይ በእጁ አሽከርክሮ ያስነሣዋል። የመጀመሪያው ገንዘብና የሥራ ቀን ያባክናል፤ ሁለተኛው ጣት ያስቆርጣል። የዛሬው ምክሬ ከሁለቱም የሚያድን ነው፤ ይኸውም በቅደም ተከተል መመርመር።

ዲማ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ መምህር የደቀ መዝሙሩ ቅኔ ቢጎድል ቅኔውን በሙሉ አይጥለውም፤ አዳምጦ የጎደለውን ቤት ይለያል። የሞተርም ነገር እንዲሁ ነው።

አስቀድመን አሠራሩን እንረዳ። በየቤታችን የሚገባው ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል እንጂ ብቻውን የሚዞር የማግኔት ኃይል አይፈጥርም። ስለዚህ የቆመ ሞተር ለመነሣት ረዳት ይፈልጋል። ረዳቱ ሁለተኛው የመዳብ ጥቅልልና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ካፓሲተር ነው። በብዙ ሞተሮች ፍጥነቱ ከሙሉው ሦስት አራተኛ ገደማ ሲደርስ በሞተሩ ጀርባ ያለ ማቋረጫ ረዳቱን ከመሥመር ያወጣዋል። እንግዲህ «እምም» ማለት ዋናው ጥቅልል ኤሌክትሪክ እያገኘ ነው ማለት ነው፤ የጎደለው ብዙውን ጊዜ ረዳቱ ነው።

ምርመራውን ከውጭ ወደ ውስጥ እናድርገው።

አንደኛ፤ ምንም ድምፅ ከሌለ ችግሩ ከሞተሩ በፊት ሊሆን ይችላል። ብሬከሩን፣ ሶኬቱን፣ ገመዱንና ማብሪያውን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፤ ድምፅ እያለ የማይዞር ከሆነ ወዲያው አጥፉት። መነሣት ያቃተው ሞተር ከሥራ ጊዜው አምስትና ስድስት እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ ጥቂት ቢቆይ ደኅናው ጥቅልል ይቃጠላል። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቺንጋውን አውልቁ፤ የሞተሩንና የቶርኖውን ዘንግ ለየብቻ በእጅ አዙሩ። የከበደ ካለ ኩሽኔታውን ወይም በማለዳው ብርድ የረጋውን ግሪስ መርምሩ። ቺንጋው ወልቆ ሞተሩ በራሱ ከተነሣ ጥፋቱ ከጭነቱ ወይም ከቮልቱ ነው።

ሦስተኛ፤ ቮልቱን ሞተሩ ለመነሣት በሚታገልበት ቅጽበት ለኩ። 220 ቮልቱ ወደ 176 ቢወርድ የቀነሰው ከመቶ 20 ነው፤ የማስነሻው ኃይል ግን ወደ ከመቶ 64 ይወርዳል። በመሥመር መጨረሻ ላይ ለሚገኝ ቤት፣ ወፍጮ በሚሠራበት ሰዓት፣ ወይም በቀጭንና ረጅም ማስረዘሚያ ገመድ ለሚሠራ ሰው ይህ የተለመደ ነው። ገመዱን በወፍራም መለወጥ አንዳንድ ጊዜ ብቻውን ሞተሩን ያድናል።

አራተኛ፤ ቺንጋው ወልቆ፣ ቮልቱ ሙሉ ሆኖ ካልተነሣ ወደ ካፓሲተሩ ሂዱ። ተጠንቀቁ! ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ አምቆ ይቆያል። ሁለቱን ጫፎቹን በካቻቪቴ ከማገናኘት ይልቅ በባለ ክር አምፖል በኩል አገናኝታችሁ አፍስሱት። ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ከሆነ ይለወጥ፤ ደኅና ከመሰለም በመለኪያ ይረጋገጥ። አዲሱ በማይክሮፋራድ ከአሮጌው ጋር እኩል፣ በቮልት ደግሞ የማያንስ ይሁን። ካፓሲተሩ ደኅና ከሆነ ማቋረጫውን ተመልከቱ፤ የእንጨት ብናኝ ገብቶበት ወይም መገናኛው ጠቁሮ ይሆናል። ተጣብቆ የማይለቅ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ቢነሣም ረዳት ጥቅልሉ ይቃጠላል።

አምስተኛ፤ ይህ ሁሉ ደኅና ሲሆን ብቻ ጥቅልሉ ይጠርጠር። የተቃጠለ ሽታ፣ የጠቆረ ሽቦ፣ ወይም ከሞተሩ አካል ጋር የተገናኘ ጥቅልል ካገኛችሁ ያን ጊዜ ወደ ጥቅለላ ባለሙያ ውሰዱት።

ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ያላችሁ ካፓሲተር አትፈልጉ። እርሱ «እምም» ካለ አንድ ፌዝ ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል፣ በየሁለቱ መሥመር መካከል 380 ቮልት መኖሩን አረጋግጡ።

አንድ ነገር ስለ አገራችን ልጨምር። ሞተሮች በተለምዶ የሚሠሩት ከባሕር ወለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ነው፤ ደብረ ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተርን በሚገባ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ በማቀዝቀዣው ክንፍ ላይ የሚከማቸውን ብናኝ በየሳምንቱ ማጽዳት፣ በአጭር ጊዜ ደጋግሞ ማስነሣትንም መተው ይገባል።

በመጨረሻ ስለ እጃችሁ። ረዳቱ የጠፋበት ሞተር በእጅ ሲገፋ ወደ ገፉት አቅጣጫ ይነሣል፤ ያን ጊዜ እጅ ገና ከሚዞረው ብረት ላይ ነው። ወደ ኋላ ከዞረ ደግሞ በጥርስ የታሰረው የቶርኖ ራስ ተፈትቶ ሊወረወር ይችላል። የነጠላ ጫፍ ወይም ሰፊ እጅጌ ከተያዘ ክንድን ይዞ ይሄዳል። የካፓሲተር ዋጋ ከአንድ ጣት ጋር አይነጻጸርም፤ ስለዚህ እስኪለወጥ ድረስ ቶርኖው ይቁም፤ ሶኬቱም ተነቅሎ ይቆይ። በአንድ ማሽን ብዙዎች የምትሠሩ ከሆነ «አይነካ» የሚል ጽሑፍ ስቀሉበት፤ ያልሰማ ባልደረባ ነገ ማለዳ ይመጣልና።

እግዚአብሔር እጃችሁን ይጠብቅ፤ ሥራችሁንም ያቅና።